አየር የሚመርጥ ማሞቂያ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከመካከላችሁ አንዲት ማሞቂያ ፍለጋ ሦስት ወር የዞረ ሰው አለ? እንደሌለ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የበረደው ሰው ወይ ጋቢ ይደርባል፣ ወይ በጊዜ ይተኛል፣ ወይ ጎረቤት ሄዶ ብርዱን ሲያማ ያመሻል። ማሞቂያ ልግዛ ብሎ ሱቅ ለሱቅ የሚንከራተት ጤነኛ የለም። እኔ ግን ተንከራትቻለሁ፤ ያውም ለቤት ሳይሆን ለመኪና! ከመሳቃችሁ በፊት ምክንያቴን ስሙኝ።

ነገሩ የተጀመረው በአማቴ ሳምባ ነው። አባባ ሀብቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ቂርቆስ ካለው ቤታችን አብረውን ይኖራሉ። ያለፈው ክረምት ሳምባ ምች ጣላቸውና ሆስፒታል ሰነበቱ። ሐኪሞቹ ከእኛ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት በተዉበት ሰሞን፣ አባባ አልጋቸው ላይ እንደተኙ "ግሸን ማርያም፣ ከዚህ ካነሳሽኝ መጥቼ ደጅሽን እሳለማለሁ" ብለው ተሳሉ። ተነሡ። ከተነሡ በኋላ ግሸን ካልሆነ ሌላ ወሬ የላቸውም።

ባለቤቴ አስቴር ደግሞ አንድ መልስ ብቻ ነበራት፤ አይሆንም። "ሐኪሙ ብርድ እንዳይነካቸው ብሏል። ያ ተራራ ላይ በመስከረም፣ መሬት ላይ ተኝተው፣ ምን ሆነው ሊመለሱልኝ ነው?" ትላለች። እውነቷን ነው። ለንግሡ የሚወጣው ሕዝብ ብዙው ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው። እሳቸውም አይከራከሩም፤ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ግን ከክርክር ይከብዳል። ምሳ ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው ይነሣሉ፤ ከዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ወደ ሰሜን ያያሉ። በሰሜን በኩል ያለው የጎረቤታችን የቆርቆሮ አጥር ነው።

አንድ እሑድ ይህን ዝምታ መቋቋም አቃተኝና "እኔ እወስዳቸዋለሁ!" አልኩ። "በኮምቢዋ! ውስጧ ይተኛሉ፤ እንደ ቤታቸው ይሞቃሉ!" አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የተባለው ይኼኔ ነው።

ኮምቢዋ ማለት ወንድሜ የተማሪ ሰርቪስ ሲሠራባት ኖሮ ሲሰለቸው ለእኔ የጣላት አሮጌ መኪና ናት። ወንበሮቿን አስነቅዬ ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ አነጠፍኩባት፤ መጋረጃም ሰቀልኩላት። ካዛንቺስ በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ የመዝገብ ቤት ባልደረቦቼ "የቀበሌ ቤት ጎማ አወጣ" ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። አባባ ሀብቴ ውስጧ ገብተው ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን ጫን አድርገው ሲሞክሩ ፊታቸው ላይ ያየሁትን እነሱ አላዩም።

አስቴር ዙሪያዋን ዞራ አየቻትና ፈረደች። "ይሁን፤ ትሄዳላችሁ። ግን የሚያሞቅና የማይገድል ማሞቂያ ካገኘህ ብቻ። ከሰል እንዳታስብ! ከሰል አቀጣጥሎ ዘግቶ የተኛ ስንቱ ነው በዚያው የቀረ?"

የሚያሞቅና የማይገድል። ሲናገሩት ቀላል ይመስላል አይደል?

ከሜክሲኮ ጀመርኩ። ባለሱቁ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አወጣና "ይሄ በቃ ምርጥ ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ውሰድ" አለኝ።

"የት ነው የሚሰካው?"

"ግድግዳ ላይ ነዋ።"

"እኔ እኮ ለመኪና ነው የምፈልገው።"

"ታዲያ መኪናህ ግድግዳ የላትም?" አለኝ። ትቼው ወጣሁ።

ካዛንቺስ የጋዝ ምድጃ የሚሸጡ አንድ አባት ደግሞ "ምን ያንከራትትሃል? ቡታጋዝህን ለኩስና ከላዩ ሸክላ ድፋበት፤ ሸክላው ግሎ ያሞቅሃል" ብለው መከሩኝ።

"እሳቱ ጠፍቶ ጋዙ ቢፈስስ?"

"ይሸታችኋላ!"

"ተኝተን ከሆነስ?"

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "ግሸን የሚሄድ ሰው ይተኛል እንዴ? ይጸልያል እንጂ።"

መስቀል ፍላወር የአንድ ካፌ ሥራ አስኪያጅ በረንዳው ላይ የሚያቆመውን፣ ባርኔጣ የመሰለ ነገር ያጠለቀውን የጋዝ ማሞቂያ ሊሸጥልኝ ተስማማ። ደስ ብሎኝ ስለካው ቁመቱ ከእኔም ከኮምቢዋም ይበልጣል። እመኑኝ፣ ከመተው በፊት የኮምቢዋን ጣሪያ ብበሳውስ ብዬ አስቤያለሁ። ሰው ቆርጦ ሲነሣ መጀመሪያ የሚቆርጠው ከአእምሮው ጋር ያለውን ግንኙነት ነው።

በመጨረሻ ነገሩ የተገኘው እዚያው መሥሪያ ቤቴ ጓሮ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ዕቃውን ሲሸጥ ወሬው ከእሱ ሻንጣ ይፈጥናል። የምሳ ሰዓቴን ሠውቼ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ማንኪያና መጋረጃ ሲሻማ፣ አንድ ጥግ ላይ ካርቶኑ እንኳ ያልተከፈተ ነገር አየሁ። ላዩ ላይ መኪና፣ ድንኳን፣ ከድንኳኑ ፊት የሚስቁ ሰዎች ተሥለዋል። የጋዝ ማሞቂያ! ለዚሁ፣ መኪና ውስጥ ለሚያድር ሰው የተሠራ!

ፈረንጁ ጨዋ ሰው ነበር፤ ከእነ ጥቅሙ አስረዳኝ። ቢወድቅ ራሱን ያጠፋል። እሳቱ ቢጠፋ ጋዙን ይዘጋል። ከሁሉም በላይ ውስጡ አንዲት ሴንሰር አለችው፤ ያለበት ቦታ አየር ሲያንስ ታውቅና እሳቱን ታጠፋለች። ጆሮዬን አላመንኩም። የሚያሞቅና የማይገድል! ስንት ሰው አየር እያነሰው የማያውቀውን፣ ይሄ ዕቃ ያውቃል! ሳልከራከር ገዛሁት። ካርቶኑ ለምን እንዳልተከፈተ ግን አልጠየቅኩም። ለነገሩ ደስ ያለው ሰው መቼ ጠይቆ ያውቃል?

የሚፈልጋት ትንሽ የጋዝ ጠርሙስ እኛ አገር ስለሌለች፣ በትንሿ ሲሊንደር እንዲሠራ ጎማና ሬጉሌተር አስገጠምኩለት። መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ እየቀባሁ ጋዝ እንደማያፈስ ፈተሽኩ። እዚህ ድረስ ምስክር ቢጠራ አላፍርም።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ፣ ኮምቢዋ ውስጥ ገብተን ሙከራ ጀመርን። አባባ ፍራሹ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። መመሪያው ሁለት መስኮት በትንሹ ይከፈት ስለሚል ከፈትኩ። አባባ ዘጉት።

"አባባ፣ መመሪያው ክፈት ይላል።"

"ንፋስ ይመታኛል፣ ልጄ።"

አያችሁ፣ መመሪያውን የጻፈው ሰው በአዲስ አበባ ታክሲ ተሳፍሮ አያውቅም። እዚህ ከተማ ታክሲ ውስጥ የሰው ኪስ ብትገባ ሊምርህ የሚችል ሰው፣ መስኮት ብትከፍት ግን አይምርህም። ክረምት ከበጋ፣ ሃያ ሰው ተፋፍጎ ላቡ ቢንቆረቆርም፣ አንዷ ከኋላ "ኧረ መስኮቱን!" ትላለች፤ ሹፌሩ ሳይቀር ያግዛታል። አማትን ሁለቴ "መስኮት ይከፈት" ብሎ ማዘዝ ደግሞ እኔ ያደግኩበት ቤት ነውር ነው። ዝም አልኩ።

ማሞቂያው በራ። ቀላ። ሁለታችንም እጃችንን ዘረጋን። ወዲያው ጠፋ። ለኮስኩት፤ በራ፤ ጠፋ። መስኮቱ ተዘግቶ ነው ብዬ አባባን ለምኜ አንዱን ከፈትኩ፤ በራ፤ ጠፋ። በሩንም ከፈትኩ። ጠፋ። በመጨረሻ አውጥቼ የግቢያችን መሐል ላይ፣ ከላይ ሰማይ ብቻ ያለበት ቦታ አስቀመጥኩት። እግዚአብሔር የፈጠረው አየር ሁሉ ዙሪያውን እያለ "አየር አነሰኝ" ብሎ ጠፋ!

ንዴቴን አትጠይቁኝ። ንግሡ አንድ ወር አልቀረውም። አባባ ጠዋት ጠዋት ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥተው ማራገፍ ጀምረዋል። ስለዚህ ማሞቂያውን ታቅፌ ላንቻ ሄድኩ። ወንዴ የሚባል፣ ከራዲዮ እስከ ፍሪጅ የሚጠግን ባለሙያ እዚያ አለ። ሱቁ ውስጥ ሆዱ ያልተዘረገፈ ዕቃ የለም።

"ብራዘር፣ ችግሯ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ትበራና ራሷን ታጠፋለች።"

"ሙድ ይዛብሃለች ማለት ነው። በቃ፣ ከሰዓት ና።"

ከሰዓት ስመለስ ጠረጴዛው ላይ እንደ ፍም ቀልታ ትነዳለች። ሩብ ሰዓት አየኋት፤ አልጠፋችም። ወንዴን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ስወጣ አንዲት ትንሽ ፌስታል አቀበለኝ። ውስጧ ከሽቦ ጋር የተያያዘች ብረት ነበረች።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"ትርፍ ናት። ማለቴ፣ እሷ ናት ስታስቸግር የነበረችው። ያለ እሷ ይሠራል።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር አላውቅም። እኔ ፌስታሏን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። እኛ አገር ለጥገና ሰጥቶ ትርፍ ዕቃ ያልተቀበለ ማን አለ? መኪናዬ ከተጠገነች ቁጥር የተረፈው ብሎን ሌላ ግማሽ መኪና ይወጣዋል፤ መኪናዋ ግን ትሄዳለች። ሴንሰር የሚለው ቃል በአእምሮዬ አልፎ ነበር፤ አልዋሻችሁም። አልፎ ሲሄድ አይቼ አላስቆምኩትም።

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት አስቴር ለቅሶ ልትደርስ ወጥታለች። "አባባ፣ ይምጡ፤ የመጨረሻው ሙከራ ነው" አልኩና ገባን። አባባ እንደ ልማዳቸው መስኮቱን ዘጉ። እኔ እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። ማሞቂያው ነደደ። ኧረ እንዴት ያለ ሙቀት! አባባ ጋቢያቸውን ጣል አደረጉ፤ ኮታቸውን ፈቱ፤ "አሁንስ ግሸን ደረስኩ በል" አሉኝ። ስለ ድሮ ተማሪዎቻቸው ሲያወሩልኝ ቆዩና መሐል ላይ አቆሙ። እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እኔም ራሴን ከበድ ሲለኝ ሙቀቱ ተመችቶኝ መሰለኝ። ማቅለሽለሹን ምሳ ላይ የበላሁት ሽሮ ነው አልኩ። እግሬ ሲዝል ደክሞኝ ነው አልኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

በሩ በኃይል ተከፈተ። አስቴር ነበረች። ለቅሶ ቤቱ ቶሎ ስለተበተነ ከታሰበው ቀድማ መጥታ ነው እንጂ፣ ይህን ወግ አሁን ሌላ ሰው ነበር የሚያወራላችሁ፤ ያውም በጥቁር ልብስ። አባቷን በብብታቸው ይዛ ጎትታ አወጣቻቸው። እኔ በራሴ ልወጣ ስል ግቢው ዞረብኝና በጉልበቴ ወደቅኩ። አባባ መሬት ላይ ተዘርግተዋል። አስቴር "አባዬ! አባዬ!" እያለች ጉንጫቸውን ትመታለች። ጎረቤት ሎሚ ይዞ ሮጠ። ዓይናቸውን እስኪገልጡ ያለፈው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን በዚያች ጊዜ አርጅቻለሁ። ለእኚህ ሰው ሕይወት ብዬ የገዛሁት ዕቃ በገዛ እጄ ሊገድላቸው ነበር።

ጤና ጣቢያ ሁለታችንንም ኦክስጅን አደረጉልን። ነርሷ "ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ…" ብላ ተወችው። አስቴር መጨረሻውን አልጠየቀቻትም፤ ወደ እኔ ዞረች እንጂ።

"አየር ሲያንስ ራሱን ያጠፋል አላልክም?"

እጄን ኪሴ ከተትኩና ፌስታሏን አወጣሁ። ምንም ማብራሪያ አላስፈለገም። አየቻት፤ እኔን አየችኝ፤ "ግሸን ቀርቷል" አለች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ያናገረችኝ በሳህን ድምፅ ብቻ ነው።

እንግዲህ እዚህ ጋ ብልህ ሰው ይተዋል። እኔ ግን ማክሰኞ ማሞቂያውን ይዤ ተመልሼ ላንቻ ሄድኩ። "የነቀልካትን መልስ፤ እንደነበረችው" አልኩት ወንዴን። "ብራዘር፣ ትጠፋብሃለች እኮ!" አለ። "ትጥፋ!" ብዬ ጮኽኩበት። እጁ ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ እያንዳንዷ ብሎን እስክትገባ ቆምኩ። ያን ቀን ትርፍ ዕቃ አልተገኘም።

ቤት ስደርስ አባባ ሀብቴ መነጽራቸውን አድርገው በረንዳ ላይ መመሪያውን እያነበቡ ነበር። መመሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እኔ ያነበብኩት ሥዕል ያለበትን ገጽ ብቻ ነው። እሳቸው የመጨረሻው ገጽ ላይ ደርሰዋል። እርሳስ ይዘው የቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ ያባዛሉ።

"ና፣ ተቀመጥ" አሉኝ፤ ድሮ ክፍል ውስጥ እንዲህ ይሉ ነበር መሰለኝ። "ከሰባት ሺህ ጫማ ከፍታ በላይ ላይሠራ ይችላል ይላል። ሰባት ሺህ ጫማ በሜትር ሁለት ሺህ አንድ መቶ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ስንት ናት?"

ጭንቅላቴን አከክኩ።

"ሦስተኛ ክፍል ነው የሚማሩት! ሁለት ሺህ አራት መቶ ገደማ። ግሸንማ ከዚህም ትበልጣለች። ልጄ፣ ዕቃው ደኅና ነበር። አየሩ እዚህ ስስ ነው፤ እሱ ደግሞ የቆላ ልጅ ነው፤ ገና ከጅምሩ ታፍኛለሁ ብሎ ራሱን ያጠፋል። ያልተበላሸውን ነው ያስጠገንከው።"

ሦስት ወር ዞሬ፣ ደኅናውን መርጬ፣ የመረጥኩት ደኅና ዕቃ ከደብረ ዘይት ወዲህ አይበራም ማለት ነው። ሳቅ መጣብኝ፤ ከሳቁ ጋር ዕንባም መጣ። "እንግዲህ ምን እናድርግ፣ አባባ?"

አባባ ቀስ ብለው መመሪያውን አጠፉት። "ሳምባዬ የተረፈው ለዚህ መንገድ ነው። አንተ ያመጣኸውን ሐሳብ አንተ አትተው። አስቴርን ለእኔ ተዋት።"

ማታ ራት ላይ አስቴር "ያቺ የፌስታሏ ነገር ተመለሰች?" ስትል ጠየቀች።

"ተመልሳለች" አልኩ።

"ይሠራል?"

አባባ ጉርሻቸውን ዋጡ። "መመሪያው እንደሚለው አድርጎ ይሠራል" አሉ። ሐሰት አይደለም። አስቴር ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። በማግሥቱ ስድስት የሙቅ ውኃ መያዣ ላስቲክ፣ ሦስት ብርድ ልብስና አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ገዝታ መጣች። "መስኮት ተከፍቶ ነው የምታድሩት፤ ውኃውን መኪና ውስጥ ስታፈላ ብሰማ አልምርህም" አለችኝ። መሄዳችንን ያወቅኩት በዚህ ነው።

ወጣን። የመንገዱን ነገር ተዉት፤ ኮምቢዋ አቀበት ላይ የጸለየችውን ያህል እኛ አልጸለይንም። ግሸን ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ብርዱ ጥርስ አውጥቷል። አባባ ከመኪናዋ ወርደው፣ በእግራቸው ቆመው፣ ደጇን ተሳለሙ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ፤ ከብርድ አልነበረም።

እኔ ውጭ፣ ከኮምቢዋ ራቅ ብዬ ከቤት በያዝነው ቡታጋዝ ላይ ውኃ አፈላሁ፤ ላስቲኮቹን ሞላሁ፤ አባባን በሁለት ጋቢና በሦስት ብርድ ልብስ ጠቀለልኳቸው። አፍንጫቸው ብቻ ነው የሚታየው። ማሞቂያው ጥግ ላይ ጨዋ ሆኖ ጠፍቶ ተቀምጧል። ሞባይሌ ጮኸ። አስቴር ናት፤ አባዬን አቅርብልኝ አለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ አፋቸው ጋ ያዝኩላቸው።

"አባዬ፣ ማሞቂያው በርቷል?"

"እንዴታ! ላብ በላብ ሆኜልሻለሁ። ጋቢዬንም ጣልኩት!" አሉ፤ ሲናገሩ ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል።

ከወዲያ በኩል ሳህን ሲቀመጥ ተሰማ።

"አባዬ፣ መመሪያውን እኔም አንብቤዋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት። ላስቲኮቹ እግርዎ ሥር አሉ?"

"አሉ" አሉ፣ በተማሪ ድምፅ።

"ደረትዎስ?"

"እሱም ሙቅ ነው። ደኅና ነኝ፣ ልጄ። እውነቴን ነው አሁን።"

"መስኮቱስ?"

"ተከፍቷል።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው አማተቡ። "አየህ ጉዴን? ስለቴን ባደረስኩ በሰዓቱ፣ እዚሁ ደጇ ላይ ዋሸሁ። ያውም በከንቱ! አሁን ይቅር በይኝ ለማለት የዛሬ ዓመት ተመልሼ መምጣቴ የግድ ነው።"

"ኧረ አባባ፣ ይህን ያህል መንገድ ለምን? የንስሐ አባትዎ እኮ እዚያው ቂርቆስ ናቸው፤ ቤት እንደገባን ይነግሯቸዋል።"

አባባ ሀብቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንድ ዓይናቸውን አውጥተው አዩኝ።

"ዝም በል አንተ" አሉኝ፤ "የምኖርበትን ምክንያት አታበላሽብኝ።"